ጥርስ ሠሪው ዕረፍት ላይ ነው

ከሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጥርስ ሠሪው ምንም የሚሠራው ሥራ እንደሌለ ለሚመለከተው ሁሉ ይታወቅ።

የሚመለከተው ሁሉ ሦስት ሰው ነበር። አንዱ ራሱ ነው። ሁለተኛዋ ታላቅ እህቱ ናት፤ በዚያ ሰዓት ወጥ ቤት ቆማ ብርጭቆ ታጥባለች። ሦስተኛው የወርክሾፑ አለቃ ሲሆን፣ የዕረፍት ወረቀቱን ዓርብ ዕለት ፈርሞ፣ ማህተም መትቶ፣ «በል እንግዲህ ተዝናና» ብሎታል። ሰው እንዴት እንደሚዝናና ግን ወረቀቱ ላይ አልተጻፈም።

ቅዳሜ አውሮፕላን ይሳፈራል። ለአንድ ወር ሥልጠና ውጭ አገር ሊሄድ ነው። ይኼ ለሰው የሚነገረው ነው። ሥልጠና የሚባል ነገር ግን የለም። አብሮ አደጉ እዚያ አገር የጥርስ ወርክሾፕ ከፍቶ ቋሚ ሥራ ሰጥቶታል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ ወጥቷል፤ ቲኬቱም የመሄጃ ብቻ ነው። ይህን ለእህቱ ሊነግራት ሦስት ወር ሙሉ ሲያስብ ቆይቶ አልሆንልህ ስላለው፣ አምስት ቀን ዕረፍት ወሰደ። አንድ ዓረፍተ ነገር ለመናገር አምስት ቀን ይበቃል ብሎ ነበር የገመተው።

«ተነሣህ እንዴ?» አለችው እህቱ፣ የእግሩን ኮቴ ስትሰማ።

«ተነሣሁ፣ እትዬ።»

«ዕረፍት ላይ ያለ ሰው ምን ያስነሣዋል? ሂድ ተመልሰህ ተኛ።»

ተመልሶ ተኛ። አርባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ እሷ ተኛ ስትለው ግን አሁንም ይተኛል። እናታቸው ስትሞት እሱ ስምንት፣ እሷ ሃያ ዓመቷ ነበር። ያሳደገችው እሷ ናት። ሁለት ጊዜ ልታገባ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ እሱ ፈተና ደረሰበት።

ጣራው ላይ ያለውን የእርጥበት ምልክት እስኪጠግበው ድረስ አየው። ከዚያ ለብሶ ወጣና ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀመጠ። ጋዜጣ ገዝቶ ከአርማው ጀምሮ እስከ የጠፋ ማኅተም ማስታወቂያው ድረስ አነበበ። የማኅተሙ ባለቤት አሳዘነው። በሥራ ቀን ከተማው የሌላ ሰው መሆኑን እስከዚያ ቀን አላወቀም፤ የጡረተኛ፣ የነፍሰ ጡርና የሐኪም ቀጠሮ ያለው ሰው ነው። እነሱ እርስ በርስ ይተዋወቃሉ። አስተናጋጇ ሦስተኛውን ሻይ ስታመጣለት «የሚጠብቁት ሰው ቀረ?» አለችው። «ይመጣል» አላት፤ ምን ይበላት? ከዚያ በኋላ ሰው እንደሚጠብቅ ሰው በየደቂቃው ሰዓቱን ማየት ግድ ሆነበት።

ማታ እራት ላይ «እንዴት ዋልክ?» አለችው።

«ተዝናናሁ።»

«ጎሽ። ያስታውቅብሃል» አለች እህቱ፣ ሳታየው።

ማክሰኞ መናፈሻ ሄደ።

እዚህ ላይ ስለ ሙያው አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። ጥርስ ሠሪ ሰው አያይም። ሰውየውን የሚያየው ሐኪሙ ነው፤ ለወርክሾፑ የሚደርሰው የአፉ ቅርጽ በጄሶ ተገልብጦ፣ ቁጥር ተጽፎበት፣ በካርቶን ታሽጎ ነው። ጥርስ ሠሪው በዚያ ላይ ሰም ያፈስሳል፣ ጥርስ ይደረድራል፣ ይሞርዳል፣ ያለሰልሳል፣ መልሶ ያሽጋል። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ሺህ አፍ እንደሠራ ራሱም አያውቅ፤ ከባለአፎቹ መካከል ግን አንድም ሰው «እንዴት አደርክ» ብሎት አያውቅም።

አግዳሚው ላይ አንድ ሽማግሌ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ብስኩት ይበላሉ። ጥርስ ሠሪው ከጎናቸው ተቀመጠ። ሽማግሌው ፀሐይዋን አይተው ፈገግ ሲሉ ጥርሳቸውን አወቀው፤ የራሱ ሥራ ነው። የላይኛው የግራ የፊት ጥርስ ጎረቤቱ ላይ በስሱ ተደርቧል። ሐኪሙ የላከው ማስታወሻ ትዝ አለው፦ «ታካሚው የቀድሞው ጥርሴ እንዲህ ስለነበር እንዲሁ ይደረብልኝ ብለዋል።» ያቺ ድርብ ሁለት ቀን ፈጅታበት ነበር። ትንሽ ሲያጋድላት ሰካራም ትመስላለች፣ ቀና ሲያደርጋት የሱቅ ጥርስ ትመስላለች።

«ይመችዎታል?» አላቸው፣ ሳያስበው።

«ምኑ?»

«ብስኩቱ።»

«ደረቅ ነው።»

«ግን ያኝኩታል።»

«ጥርስ ካለ ምን ችግር አለ!» አሉ ሽማግሌው፣ ደረታቸውን ነፋ አድርገው። «ይኸው ሰባ ስምንት ዓመቴ ነው። አንድ አልወለቀ፣ አንድ አልተነቀነቀ። የአባቴ ዘር እንዲህ ነው።»

«ያስታውቃል» አለ ጥርስ ሠሪው።

«አየሃት ይቺን ድርብ?» በጣታቸው ነኩለት። «ከልጅነቴ ጀምሮ አለች። ባለቤቴ የወደደችኝ በሷ ነው።»

«በጣም ታምራለች።»

«አንተስ፣ ምን ትሠራለህ?»

«ዕረፍት ላይ ነኝ።»

«ሥራ ፈት ነኝ ለማለት ነው?» ብለው ሳቁ፤ ድርቧ እንደገና ብቅ አለች። አንድ ብስኩት ሰጡት። በሙያው ከዚህ የሚበልጥ ምስጋና የለም፤ ለማን እንደሚነግረው ግን አላወቀም። ከፊቱ የነበረው ሰው አንድ ነው፤ ለሳቸው ደግሞ አይነገርም። ብስኩቱን በልቶ ተሰናበታቸው። እውነትም ደረቅ ነበር።

ረቡዕ እግሩ ወደ ወርክሾፑ ወሰደው።

«በዚህ ሳልፍ ነው» አለ፣ በሩ ላይ ቆሞ። ወርክሾፑ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ በኮሪደሩ ጫፍ፣ ከመጸዳጃ ቤቱ ቀጥሎ ነው። በዚያ የሚያልፍ ሰው የለም።

ሁሉም ተነሡለት። ክፉኛ የደነገጠው በዚህ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት ሲገባና ሲወጣ ቀና ብሎ ያየው እንኳ አልነበረም። አለቃው (ነጭ ጋውን ስለማያወልቅ «ዶክተር» ይሉታል እንጂ ሐኪም አይደለም) ራሱ ሄዶ ካርቶን የሚደረደርበትን ወንበር አራግፎ፣ ለእንግዳ እንደሚደረገው፣ መሐል ቤት አስቀመጠለት።

«አንተ ሰውዬ፣ አልሄድክም እንዴ?» አለችው ሰም የምታፈስሰው ባልደረባው። አፏ ከማንኪያዋ ይልቅ ይፋጃል። «ሰው ተሰናብቶ ሲያበቃ ከተማ ውስጥ ይንጎራደዳል? ነውር አይደለም?»

«ቅዳሜ ነው የምሄደው። ታውቂ የለ?»

«እኔ ዓርብ አልቅሼ ጨርሻለሁ። እወቀው፣ ሁለተኛ አላለቅስም።»

«ለአንድ ወር ያለቀሽው ይበቃል» አለ ዶክተር ቶሎ ብሎ።

«እሱማ፣ ለአንድ ወር» አለች ባለሰሟ፣ ወደ ማንኪያዋ ዞር ብላ።

የእሱ በርጩማ ላይ ሌላ ሰው ተቀምጧል። ለአንድ ወር እሱን እንዲተካ የተቀጠረ ወጣት ነው፤ «ጊዜያዊ» ይሉታል። ጊዜያዊ በርጩማውን አንድ ስንዝር ዝቅ አድርጎታል፤ መብራቱን ከግራ ወደ ቀኝ አዙሮታል። መሳቢያው ላይ የጊዜያዊ ስም ተለጥፏል፤ በነሐስ ተቀርጾ፣ በአራት ብሎን ታስሮ።

ጥርስ ሠሪው ነሐሱን ሲያይ ዶክተር አየው።

«ለጊዜው ነው» አለ ዶክተር።

«በነሐስ?»

«ወረቀት ይላጣል።»

ጊዜያዊ አንገቱን ደፍቶ መንጋጋ መሞረድ ጀመረ። ሞረዱን አያያዙ ደህና ነው። ጥርስ ሠሪው ደህና ባይሆን ኖሮ ይሻለው ነበር። ሻይ አመጡለት፤ በእንግዳ ብርጭቆ። ስለ አየሩ ተጫወቱ። ስለ አውሮፕላን ምግብ ዶክተር ከሰው የሰማውን ነገራቸው። ማንም «መቼ ትመለሳለህ?» ብሎ አልጠየቀውም፤ ለአንድ ወር የሚሄድን ሰው ግን ሁሉም የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ዓርብ በስንብቱ ላይ የሰጡትም ስጦታ ሻንጣ ነበር፤ ዶክተር ከነጋውኑ ገብቶ እግሩን ዘርግቶ የሚተኛበት ሻንጣ። «ለአንድ ወር ይበቃል» ብለውት ነበር፣ እየተያዩ።

ሐሙስ ያንን ሻንጣ እህቱ ሳሎን መሐል ከፍታ አገኛት።

እህቱ ጡረታ እስክትወጣ ድረስ የስልክ ኦፕሬተር ነበረች። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው ጥሪ ስታገናኝ ኖራለች። ድምጿ ዛሬም የጠራ ነው፤ «እንጀምር» ስትል እንኳ መስመር የያዘች ትመስላለች። እንጀምር አለችና ጀመረች። ወፍራም ሹራብ። ሌላ ወፍራም ሹራብ። የክረምት ካፖርት። አሥራ ሁለት ጥንድ ካልሲ።

«እትዬ፣ እዚያ አሁን በጋ ነው እኮ።»

«ብርድ አይጠፋም።»

«አሥራ ሁለት ካልሲ ምን ይሠራልኛል?»

«ወር ረጅም ነው» አለች። ካፖርቱን አጥፋ፣ ፈትታ፣ እንደገና አጠፈችው።

አሁን ነው አለ በልቡ። አጠገቧ ቁጢጥ አለ።

«እትዬ።»

«ወይ።»

«አንድ ነገር ልነግርሽ ፈልጌ ነበር።»

«ካልሲውን ጠቅልለው እንጂ፣ እንደ ጭድ አትጠቅጥቀው። አንተ ልጅ መቼም ዕቃ አያያዝ አልተማርክ።»

ካልሲውን ጠቀለለ። አሥራ ሁለቱንም ጠቀለለ።

«እትዬ፣ ሥልጠናው…»

«ዳቦው ይደርቃል፤ ና እንብላ» አለችና ተነሣች።

ምሳ ላይ ዳቦውን ስትነክስ የታችኛው ጥርሷ ቀጭ ብሎ ከቦታው ተንሸራተተ። እጇን አፏ ላይ አድርጋ በምላሷ መለሰችው። እሱ ሳህኑን አየ።

የእህቱ ጥርስ የእሱ ሥራ ነው። ዘጠኝ ዓመት ይሆነዋል። ድድዋ ታሞ ጥርሷ ሲረግፍ፣ ሐኪም ዘንድ ሄዳ ሰው እንዳያያት ብላ፣ ልኬቱን እዚሁ ወጥ ቤት ውስጥ እሱ ወሰደላት፤ ዓይኗን ጨፍና፣ «አትየኝ» እያለችው። ወርክሾፕ ሲያስገባው ባለቤቱ «ጡረተኛ ወንድ» ነው ብሎ ጻፈ። ጎረቤት «ምን ብትበዪ ነው ጥርስሽ እንዲህ ያማረ?» ሲላት «እናቴን ወጥቼ ነው» ትላለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ ስለ ጥርሷ አንዲት ቃል ተነጋግረው አያውቁም። ጥርስ በሚሠራ ሰው ቤት ጥርስ የሚባል ነገር አይነሣም።

«ላልቶ ከሆነ…» አለ፣ ሳህኑን እያየ።

«ምኑ?»

«ምንም። ወርክሾፕ ይዤው ሄጄ…»

«ምኑን ይዘህ?»

«ምንም፣ እትዬ።»

እሷ ዳቦውን ሻይ ውስጥ እየነከረች በላች።

«ስንት ዓመት ሆነው?» አለች በመጨረሻ። ምኑ እንደሆነ አልተናገረችም።

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ!» አለች። ከሰዓት በኋላውን ሁሉ ሻንጣውን ስትዘጋና ስትከፍት ዋለች፤ እሱም መኝታ ቤቱ ሆኖ የዚፑን ድምፅ ሲሰማ ዋለ። ሁለቱም ቤት ነበሩ፤ ቤቱ ግን ሰው የሌለበት ይመስል ነበር። ነገ እነግራታለሁ አለ። ከነገ ሌላ ቀን አልቀረውም።

ዓርብ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለብሳ፣ ቦርሳዋን ይዛ፣ በሩ አጠገብ ቆማ አገኛት።

«ጫማህን አድርግ» አለችው። «ወርክሾፕህን ታሳየኛለህ።»

«የኔን ወርክሾፕ? ለምን?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ስትሠራ አይቼው አላውቅም። ምነው፣ ዕረፍት ላይ አይደለህ? እኔም ልዝናና።»

ሦስቱን ፎቅ በደረጃው እጀታ እየተደገፈች ወጣች፤ በየፎቁ ቆማ «ይኼን ነው በየቀኑ የምትወጣው?» ትላለች። በየፎቁ ሊነግራት አፉን ከፈተ። አንደኛው ፎቅ ላይ ሰው አለፈ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ እሷ አሳላት። ሦስተኛው ፎቅ ላይ ደረሱ።

ወርክሾፑ ውስጥ ግርግር ሆነ። የሰው ፊት ለብሶ የሚገባ አፍ እዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። ዶክተር ጋውኑን ቆልፎ «እንኳን ደህና መጡ፣ እህታችን» አለ፤ ባለሰሟ የእንግዳውን ወንበር አራገፈች። እህቱ ተቀመጠች። የጄሶ አፎች በተደረደሩበት መደርደሪያ ላይ ዓይኗን ከዳር እስከ ዳር አንሸራሸረች።

«ይኼ ሁሉ የሰው ነው?»

«የሰው ነው፣ እትዬ» አለች ባለሰሟ። «አፍ ብቻ ስለሆኑ ግን አያወሩም። ጥሩ ጎረቤት ናቸው።»

እህቱ ሳቀች፤ እንደ ልማዷ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ከዚያ እጇን አወረደች።

«እኔ ደንበኛ ሆኜ ነው የመጣሁት» አለች፣ በዚያ በጠራው የስልክ ድምጿ። «ዶክተር፣ አንድ ሙሉ ጥርስ፣ የላይና የታቹ፣ ስንት ዓመት ያገለግላል?»

ዶክተር ጥርስ ሠሪውን አየ። ጥርስ ሠሪው ወለሉን አየ።

«እንደ አያያዙ ነው፣ እህታችን። ስድስት… ቢበዛ ሰባት።»

«ስድስት እንበል።» ጣቷን አወጣች። «አሁን ስልሳ አንድ ነኝ። በመጀመሪያው ስልሳ ሰባት እደርሳለሁ። በሁለተኛው ሰባ ሦስት። በሦስተኛው ሰባ ዘጠኝ። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ከተረፈኝ ሾርባ እጠጣለሁ።» ጣቷን ሰበሰበች። «ሦስት ይሥሩልኝ። ሦስቱንም አሁን።»

«ውይ እትዬ፣ ለምን ሦስት?» አለች ባለሰሟ። «ይኼ ወንድምዎ በወሩ ይመለስ የለ፣ ባረጀ ቁጥር እሱ…»

እዚያው ቆመች። ማንኪያዋ ላይ ያለው ሰም ጠርዙ ላይ መርጋት ጀመረ። ዶክተር እጁን ዘርግቶ የማለስለሻውን ሞተር አጠፋው፤ ማንም እንዲያጠፋው አልጠየቀውም ነበር። መስኮቱ ስር የሚያልፍ መኪና ድምፅ ተሰማ።

እህቱ ከቦርሳዋ ነጭ መሐረብ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ፣ ጊዜያዊ ፊት ዘረጋች። በዚያ ሁሉ ሰው መሐል፣ በጠራራ ብርሃን፣ መጀመሪያ የላዩን፣ ቀጥሎ የታቹን አውልቃ መሐረቡ ላይ አስቀመጠች። ፊቷ አጠረ። ጉንጯ ወደ ውስጥ ገባ። ወንድሟ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ይህን ፊት አላየውም ነበር፤ እናታቸውን ትመስላለች።

ጊዜያዊ ወረቀትና እርሳስ አነሣ፤ ሌላ ምን እንደሚያደርግ አላወቀም። ጥርሱን አገላብጦ አየ፤ ከዚያ ጥርስ ሠሪውን አየ።

«ጋሼ፣ የእርስዎ እጅ ነው።»

«አዎ።»

«ሦስቱንም በዚሁ ልክ ልገልብጠው?»

ጥርስ ሠሪው ወደ ጠረጴዛው ተጠጋ። የታችኛውን አነሣና በአውራ ጣቱ ውስጡን ዳሰሰው።

«የመጀመሪያውን አሁን ባለው ድድዋ ልክ፤ ልኬቱን እኔ እወስድልሃለሁ» አለ። «ሁለተኛው ግን እኩል አይሁን። ድድ ይሸሻል። በስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ያህል ይወርዳል። እዚህ ጋ፣ ከውስጥ፣ ወፈር አድርገው። ሦስተኛውን ደግሞ የዚህን እጥፍ።»

«እጥፍ እንደሚሆን በምን አወቁ?» አለ ጊዜያዊ። ለማጣራት ነው የጠየቀው፤ የሙያ ጥያቄ ነው።

«ግምት ነው» አለ ጥርስ ሠሪው። «ያኔ አላየውም።»

እህቱ ራሷን ነቀነቀች፤ አንዴ፣ ጥሪ ደርሷል እንደሚባለው ያህል። እጇ ጭኗ ላይ ነበር። ጊዜያዊ ጎንበስ አለና «ሦስተኛው፦ እጥፍ» ብሎ ጻፈ።